ከፌስታል የሚሠራው ፓራሹት

የመጫወቻ ፓራሹት ለመሥራት ገበያ መውጣት አያስፈልግም። አንድ አሮጌ ፌስታል፣ የስፌት ክር፣ ጥቂት የለስላሳ ቆርኪና ቁራጭ ፕላስተር ይበቃሉ። መቀስ ካለ ሥራው ከግማሽ ሰዓት ብዙም አያልፍም። ይህ ቀላል መጫወቻ ልጅን ከፊዚክስ ጋር በማስተዋወቅ ረገድ ግን ከብዙ ውድ ዕቃ ይበልጣል። ልጁ ከመልቀቁ በፊት ምን እንደሚሆን ይገምታል፤ ከለቀቀው በኋላ ደግሞ ግምቱ ልክ መሆን አለመሆኑን እዚያው በዓይኑ ያያል። ሳይንስ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤትም ይህን ማድረግ አያቅተውም።

አየሩ እንዴት ይይዘዋል?

ከ6 ሜትር ከፍታ የተለቀቀ ጠጠር ከ1 ሰከንድ ትንሽ ቢያልፍ ነው መሬት የሚደርሰው። ሲያርፍ ፍጥነቱ በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የመሬት ስበት ቁልቁል ሲጎትተው አየሩም ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ነገር ግን ጠጠሩ ትንሽ ስለሆነ ግፊያው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ፌስታሉ እንደ ጃንጥላ ሲዘረጋ ነገሩ ይለወጣል። ሰፊ ስለሆነ ብዙ አየር ይጋፈጣል። በዚያ ላይ የአየሩ ግፊያ ከፍጥነት ጋር በኃይል ያድጋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊያው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ፓራሹቱ ጥቂት እንደ ወረደ ግፊያውና ክብደቱ ይስተካከላሉ፤ ከዚያ ወዲያ ፍጥነቱ አይጨምርም። ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ሳንቲሜትር የሆነ ጃንጥላ 15 ግራም ያህል ተሸክሞ ሲወርድ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ2 ሜትር በታች ነው፤ ሰው ፈጠን ብሎ ከሚራመድበት ብዙም አይርቅም።

ይህን ሐሳብ በራሳቸው ሕይወት የፈተኑት ፈረንሳውያን ነበሩ። ሉዊ ሴባስቲያን ለኖርማን እ.ኤ.አ. በ1783 ሞንፔሊዬ ከተማ ውስጥ ከማማ ላይ በፓራሹት ወረደ። ዓላማው ሰዎች እሳት ከተነሣበት ፎቅ የሚያመልጡበትን መንገድ ማሳየት ነበር። አንድሬ ዣክ ጋርነሬን ደግሞ በጥቅምት 1797 ፓሪስ ላይ በባሉን ወደ ሰማይ ወጥቶ ፓራሹቱን ከባሉኑ ጋር የሚያያይዘውን ገመድ ቆረጠ። በሕይወት ቢያርፍም የተቀመጠበት ቅርጫት ወዲያና ወዲህ ክፉኛ ሲወዛወዝ ነበር የወረደው። ጃንጥላው አናቱ ላይ መተንፈሻ ስላልነበረው የታመቀው አየር በጎንና በጎን ይፈተለክ ነበር። ከዚያ በኋላ አናት ላይ ቀዳዳ መተው ተለመደ፤ እኛም በፌስታሉ ላይ እንተዋለን።

አሠራሩ

ፌስታል ሲመርጡ ቀጭኑን፣ ሲነካ የሚንኮሻኮሸውን ይውሰዱ። ወፍራሙ ይከብዳል፤ ቶሎም አይዘረጋም። መያዣውንና ታቹን ቆርጠው ያስወግዱ፤ አንዱን ጎን ሰንጥቀው ይዘርጉትና 40 በ40 ሳንቲሜትር አድርገው ይቁረጡት።

ቀጥሎ ለሁለት ያጥፉት፤ እንደገና ለሁለት ያጥፉትና ትንሽ አራት ማዕዘን ያድርጉት። የፌስታሉ መሐል የሆነችውን ጥግ ይዘው አንድ ጊዜ በሰያፍ ወደ ሦስት ማዕዘን ያጥፉት። ከዚያች ጥግ እኩል ርቀት እየጠበቁ የውጭውን ጠርዝ በቅስት ይቁረጡ። የጥጓን ጫፍም 1 ሳንቲሜትር ያህል ይቁረጧት፤ መተንፈሻው እሷ ናት። ሲገለጥ ስምንት የዕጥፋት መስመር ያለው ክብ ያገኛሉ።

በስምንቱ መስመሮች ጫፍ ላይ ፕላስተር ይለጥፉ። ይህን የዘለለ ሰው ሥራው ብዙ አይቆይለትም፤ ክሩ ሲወጠር ቀጭኑን ፌስታል ይቀደዋል። ፕላስተሩን በመርፌ በስተው እያንዳንዳቸው ከ40 እስከ 45 ሳንቲሜትር የሚደርሱ ስምንት ክሮች አስገብተው ይቋጥሩ። የጃንጥላውን መሐል በአንድ እጅ አንሥተው ክሮቹን ሁሉ በሌላው እጅ ቁልቁል ያስተካክሉና ጫፋቸውን በአንድ ላይ ይቋጥሩ። ከጠቅላላው ሥራ ጥንቃቄ የሚፈልገው ይህ ነው፤ አንድ ክር ካጠረ ጃንጥላው ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል።

ለሸክም ቆርኪ የሚመረጥበት ምክንያት አለ። ከአንድ ዓይነት ጠርሙስ የተነሡ ቆርኪዎች በክብደት ስለማይለያዩ፣ ሚዛን በሌለበት ቤት እንደ መመዘኛ ያገለግላሉ። አንዱ 2 ግራም ገደማ ነው። ትልቅ ሰው በምስማር ይብሳቸውና አምስቱን በክር ሰክተው ከቋጠሮው ሥር ያንጠልጥሉ።

ሲለቀቅ

ጃንጥላውን መሐሉን ይዘው፣ ክሮቹ ቀጥ ብለው ተንጠልጥለው ሳለ ይልቀቁት። ከሜዳ ወደ ላይ ለመወርወር ደግሞ ፌስታሉን በቁመቱ ሰብሰብ አድርገው ክሩን ላላ አድርገው ይጠቅልሉበት፤ ጠበቅ ካለ ሳይዘረጋ ይወድቃል። ከተሽከረከረ ክሮቹ ተጠላልፈዋል ማለት ነው። ከተወዛወዘ መተንፈሻውን በጥቂቱ ያስፉት። አልዘረጋ ካለ ክሮቹ አጥረው እንደሆነ ይመልከቱ፤ ካጠሩ ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሳባል።

ከዚህ በኋላ እውነተኛው ጨዋታ ይጀመራል። ሕጉ አንድ ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። በአምስት ቆርኪ የሚወርድበትን ጊዜ በስልክ ሰዓት ይለኩ። አንድ ጊዜ የተለካ ሊያሳስት ስለሚችል ሦስት ጊዜ ለክተው አማካዩን ይጻፉ። ቀጥሎ ሌላውን ሁሉ ሳይነኩ ቆርኪውን ሃያ ያድርጉት። ልጆች አብዛኛውን ጊዜ አራት እጥፍ ይፈጥናል ብለው ይገምታሉ፤ ፍጥነቱ ግን ወደ እጥፍ ብቻ ይጠጋል። ፓራሹቱ እጥፍ ፈጥኖ ሲወርድ ግፊያው አራት እጥፍ ስለሚሆን አዲሱን ክብደት ለመሸከም ያ በቂ ነው።

ቦታም ለውጥ ያመጣል። አዲስ አበባ በከፍታዋ ምክንያት አየሯ በባሕር ወለል ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ስለዚህ ያው ፓራሹት እዚህ ሲወርድ በባሕር ዳርቻ ከሚወርደው ከአንድ አሥረኛ በላይ ይፈጥናል። የማርስ አየር ደግሞ ጥግግቱ ከምድር አየር 1 በመቶ ገደማ ነው። ፐርሲቪራንስ የተባለችው መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በ2021 እዚያ ስትወርድ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21.5 ሜትር የሚሰፋ ፓራሹት ያስፈለጋት፣ እሱም ብቻውን ስላልበቃ በመጨረሻ ወደ ታች የሚተፉ ሮኬቶች የታከሉላት ለዚህ ነው።

ጥንቃቄና ሌሎች ጨርቆች

ፌስታል በሕፃናት አፍና አፍንጫ ላይ ከተጣበቀ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር ትንንሽ ልጆች ብቻቸውን አይያዙት። ከበረንዳ የሚለቅ ትልቅ ሰው ይሁን፤ ልጆች ታች ሆነው ይለኩ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ካለበት ይራቁ፤ የተንጠለጠለ ፓራሹትም ለማውረድ ማንም አይሞክር። ጨዋታው ሲያበቃ ፌስታሉ ሜዳ ላይ አይቅር። ከብትና ፍየል ይውጡታል፤ በሆዳቸው ተከማችቶም ይገድላቸዋል።

ፌስታሉ ራሱ ዘመኑ እያለፈ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉትን ፌስታል ይከለክላል። ስለዚህ አዲስ ፍለጋ አይሂዱ፤ ቤት ውስጥ የቀረውን ይጠቀሙ። እሱም ከሌለ የተሰበረ የዝናብ ጃንጥላ ጨርቅ ወይም ያረጀ ጃኬት ገበር ይሆናል። ሁለቱም ከፌስታል ስለሚከብዱ ሸክሙም ስፋቱም ከፍ ማለት አለበት። ነጠላ ግን አይሆንም፤ ሽመናው ስስ ስለሆነ አየሩ ያልፈዋል።

ለክፍል ተማሪዎች የመጨረሻው ፈተና እንቁላል ይሁን። ከነመጠቅለያው 80 ግራም የሚመዝን እንቁላል ሳይሰበር ለማውረድ ስንት ሳንቲሜትር ጃንጥላ ያስፈልጋል? 40 ሳንቲሜትሩ 20 ግራም ይዞ በዝግታ ከወረደ፣ 80 ግራም አራት እጥፍ ነው፤ ስፋቱም አራት እጥፍ መሆን አለበት። ለዚህ ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለው ልክ እጥፍ ቢሆን፣ ማለትም 80 ሳንቲሜትር ቢሆን ይበቃል። ተማሪዎቹ ይህን መጀመሪያ በወረቀት ያስሉ፤ መልሳቸውን ለመምህራቸው ያስረክቡ፤ ከዚያ በኋላ ይሥሩና ይልቀቁት። እንቁላሉ በደህና ቢያርፍ ስሌታቸው ልክ እንደ ነበረ ያውቃሉ፤ ቢሰበርም የትኛውን ነገር ለውጠው እንደገና እንደሚሞክሩ ያውቃሉ።