የሰማያዊው ገጽ ኑዛዜ

በአሳይታ፣ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወራት፣ ኮምፒውተር አልነሣም ሲል ባለቤቱም ጎረቤቱም አስቀድመው የሚፈርዱት በሙቀቱና በአቧራው ላይ ነው። ነገር ግን ማራገቢያው እየዞረ፣ የዊንዶውስ ዓርማም ታይቶ፣ ወዲያው ሰማያዊ ገጽ የሚመጣ ከሆነ፣ ይልቁንም በዋዜማው አዲስ ድራይቨር ተጭኖበት እንደ ሆነ፣ ሙቀቱ ያለ ጥፋቱ ተከሷል።

ድራይቨር ስርዓተ ክወናው ከፕሪንተርና ከስክሪን ካርድ ጋር የሚግባባበት ፕሮግራም ነው። ብዙው የሚሠራው ከርነል በሚባለው በውስጠኛው ክፍል ስለ ሆነ፣ እዚያ ሲሳሳት ዊንዶውስ ፋይሎች እንዳይበላሹ ብሎ ራሱን ሆን ብሎ ያቆማል፤ ሰማያዊውም ገጽ አንዳንድ ጊዜ የበደለኛውን ፋይል ስም ጽፎ የሚተው ኑዛዜ ነው። ይህን ሳያነቡ «ፎርማት ይደረግ» የሚሉ ባለሙያዎች ያሳዝኑኛል። የተማሪዎቹን የዓመት ውጤት በላፕቶፑ የያዘ አንድ መምህር አውቃለሁ፤ ጠጋኙ ሳይጠይቀው ፎርማት አድርጎ፣ ማሽኑን እንደ አዲስ፣ መምህሩንም ባዶ እጁን ሰደደው።

መድኃኒቱ ሴፍ ሞድ ነው፤ በዚያ የሚነሡት የግድ የሚያስፈልጉት ድራይቨሮች ብቻ ናቸው። በዊንዶውስ 10 እና 11 ማሽኑ ሲነሣ ሁለት ሦስት ጊዜ በማብሪያው ቁልፍ ቢያቋርጡት የጥገናው ገጽ ይመጣል፤ ከዚያ በትራብልሹት፣ በአድቫንስድ ኦፕሽንስና በስታርትአፕ ሴቲንግስ አልፈው፣ ማሽኑ እንደ ገና ሲነሣ 4 ቁጥርን ይጫኑ። ከገቡ በኋላ በዲቫይስ ማናጀር «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሳል።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በላከው አንድ የተበላሸ ፋይል ምክንያት ድራይቨሩ ወድቆ፣ ማይክሮሶፍት እንደ ገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ማሽኖች በዓለም ዙሪያ በቆሙ ጊዜ፣ አውሮፕላን ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ሳይቀሩ ታወኩ። መፍትሔው ግን በሴፍ ሞድ ገብቶ ያን ፋይል መሰረዝ ነበር፤ ያልተነሣን ማሽን ከሩቅ ማዘዝ ስለማይቻል፣ ባለሙያዎቹ ብዙዎቹን አንድ በአንድ ቀርበው ጠገኑ።

ብዙዎቹንም ያዘገየ ቢትሎከር የተባለው መቆለፊያ ነው፤ 48 አኃዝ ያለውን የመክፈቻ ቁጥር ካልሰጡት ወደ ጥገናው አያስገባም። ላፕቶፓችሁ በዚህ የተቆለፈ ከሆነ፣ ቁጥሩን ዛሬውኑ በወረቀት ጽፋችሁ ከላፕቶፑ ቦርሳ ውጭ አስቀምጡ።