ለባተሌ ወላጅ የጾሙ እሑዶች የሥራ ዝርዝር ናቸው

የትንሣኤ በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚታየው ውጣ ውረድ ለአንባቢያን እንግዳ አይደለም። ሁዳዴ 55 ቀን ቢሆንም ሥራው ሁሉ በሕማማት ሳምንት ተሰብስቦ ይመጣል። ቅቤው ሳይነጠር፣ ጠላው ሳይጠነሰስ፣ የልጆች ልብስ ሳይገዛ ሆሳዕና ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውም ይታወቃል። ስቅለት ዕለት ምእመናን በቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ የቤቱ እመቤት ሽንኩርት ስትከትፍ ትውላለች። ያን ሁሉ ቀን በትዕግሥት የጾመች እናት የጾሙን ታላቅ ዕለት በማጀት ታሳልፈዋለች።

በተለይ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሆነችው እናት ነገሩ ይብስባታል። እስከ ጸሎተ ሐሙስ ድረስ በሥራ ገበታዋ ላይ ናት። ዓርብ ሕዝባዊ በዓል ቢሆንም የስግደት ቀን ነው። ስለዚህ ለበዓሉ ዝግጅት በእጇ የሚቀረው ቀዳም ሥዑር ብቻ ይሆናል። የአምስትና የስድስት ሰው በዓል በአንድ ቀን ማሰናዳት ደግሞ የማንም አቅም አይደለም። መፍትሔው ያን አንድ ቀን ማርዘም ሳይሆን ሥራውን ወደ ኋላ በትኖ በጾሙ ሳምንታት ላይ ማደላደል ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው አንድ ሉክ ወረቀትና እርሳስ ነው።

ዝርዝር መጻፍ ከውጭ የመጣ የቢሮ ልማድ የሚመስላቸው አይጠፉም። ይሁን እንጂ ሥራን በቀን መድቦ መያዝ ለእኛ ቤተሰቦች አዲስ አይደለም። እናቶቻችን ወሩን የሚቆጥሩት በአቦ፣ በሥላሴ፣ በሚካኤል፣ በገብርኤልና በማርያም ነው፤ ዕዳ የሚከፈለውም፣ እንግዳ የሚጠራውም በእነዚሁ ነው። ትንሣኤን የመሰሉ በዓላት ደግሞ በባሕረ ሐሳብ ስለሚቀመሩ ቀናቸው አስቀድሞ ይታወቃል። ዐቢይ ጾም ከየካቲት 1 በፊት አይገባም፣ ከመጋቢት 5 አያልፍም። ትንሣኤም ከመጋቢት 26 በታች አይወርድም፣ ከሚያዝያ 30 በላይ አይወጣም። ጾመ ነነዌ ከሁዳዴ ሁለት ሳምንት አስቀድማ ስለምትመጣ ነነዌ በገባች ሰኞ ለትንሣኤ ገና 69 ቀን ይቀራል። እንግዲህ በዓሉ ድንገት ደረሰብኝ ለማለት ምክንያት የለም።

የጾሙ እሑዶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና ይባላሉ። ስያሜያቸውም ከቅዱስ ያሬድ ጾመ ድጓ የተገኘ መሆኑን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ያስተምራሉ። ወላጆች እነዚህን ስሞች በወረቀቱ ላይ ከላይ ወደ ታች ጽፈው የቤቱን ሥራ በየስሙ ሥር ቢመድቡት፣ ዝርዝሩ ማንም የቤተሰቡ አባል የሚያውቀው ዝርዝር ይሆናል። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ድልድል እያንዳንዱ ቤት እንደ አቅሙና እንደ ልማዱ ሊያሻሽለው ይችላል።

ድልድሉ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በመጀመሪያ የትንሣኤ ገበታ ምን እንደሚይዝ ይወሰናል፤ ከዚያም ስንት ቀን እንደሚፈጅ እየታየ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ረጅም ቀን የሚወስደው በርበሬ ነው። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል ጋር ተደልዞ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና በሶብላው ገብቶበት እስኪደርቅ ድረስ ፀሐይ ይፈልጋል። የበልግ ዝናብ ከጣለ ደግሞ የተሰጣው በርበሬ ሊሻግት ይችላል። ስለዚህ በርበሬና ሽሮ ከቅድስትና ከምኩራብ አልፈው መሄድ የለባቸውም።

ደብረ ዘይት የጾሙ እኩሌታ ነው። ለትንሣኤ ልክ አራት ሳምንት ስለሚቀር ይህን እሑድ ለሒሳብ ማዋል ይጠቅማል። በ55ቱ ቀን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት የደመወዝ ቀኖች ይገኛሉ። ከመጀመሪያው ደመወዝ የማይበላሸው ዕቃ፣ ማለትም ጤፉ፣ ማሩ፣ ጌሾው፣ ዘይቱና የልጆች ጫማ ይገዛል። ቅርጫ የሚገባ ቤተሰብም ድርሻውን በዚሁ ጊዜ ቢመድብ በመጨረሻው ሳምንት ብድር ከመፈለግ ይድናል። ለሁለተኛው ደመወዝ የሚቀሩት ዶሮ፣ እንቁላል፣ በግና ሽንኩርት ናቸው። በየዕቃው አጠገብ የታሰበውን ዋጋ መጻፍ አስፈላጊ ነው፤ ዋጋ ያልተጻፈበት ዝርዝር ምኞት ነውና።

ጠጅ የሚጥል ቤት በገብር ኄር መጣል ይኖርበታል። ማሩ ተበጥብጦ፣ ጌሾው ገብቶ፣ ለመብሰል ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈልጋልና። ጠላ ደግሞ ከጥንስስ አንሥቶ እስኪጠራ ድረስ ከ10 እስከ 15 ቀን ስለሚወስድ ኒቆዲሞስ ላይ ይጠነሰሳል። በማግሥቱ ልጠንስስ ያለች እናት ድፍድፉ በሕማማት እንዳይደርስባት ታስብ። ቅቤም ገበያው ሳይሞቅ በዚሁ ሰሞን ተገዝቶ ይነጠራል። በሆሳዕና ሳምንት ሊጡ ይቦካል፣ ቤቱ ይጸዳል። ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ሰኞና ማክሰኞ ማታ ተልጠው ይወቀጣሉ። ለአንድ ዶሮ ሁለት ሦስት ኪሎ የሚሆነውን ሽንኩርት ከትፎ፣ ብዙ ሰዓት የሚጠይቀውን ቁሌት ሐሙስ ማታ በዘይት አቁላልቶ ማሳደር ይቻላል። ባለሙያ ነን የሚሉ ይህን ላይወዱት ይችላሉ። ሆኖም ዓርብን ለስግደት ነፃ የሚያደርገው ይህ አንድ ሥራ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተጻፈው ሥራውንና ቀኑን ነው። ዝርዝር የሚከሽፈው ግን በአብዛኛው በሦስተኛው ዓምድ፣ ማለት በሠሪው ስም ላይ ነው። በእናት ቦርሳ ውስጥ ተጣጥፎ የሚኖር ወይም በእናት ስልክ ላይ ብቻ የተመዘገበ ዝርዝር የእናትን ጭንቀት ወደ ወረቀት ገለበጠ እንጂ አላቀለለውም። ዝርዝሩ በማጀት በር ወይም በመሶቡ አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ፣ ልጅም አባትም በሚያየው ቦታ ሊለጠፍ ይገባል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ብሂል በዚህ ቦታ ሥራ ላይ ይውላል።

የአባወራው ስም በግ ከመግዛት ጋር ብቻ ተጽፎ ከሆነ ዝርዝሩ ገና አላለቀም። ወፍጮ ቤት መሄድ፣ ጋዝ ወይም ከሰል ማሟላት፣ ልጆችን ማጠብና ማልበስ ለአባት የሚከብዱ ሥራዎች አይደሉም። የዐሥር ዓመት ልጅ ነጭ ሽንኩርት ይልጣል፣ እንቁላል ይቆጥራል፣ የተፈጸመውን ሥራ በእርሳስ ይሰርዛል፤ መሰረዙን ደግሞ ልጆች እጅግ ይወዱታል። በልማዳችን ዶሮ የሚባርከው ወንድ በመሆኑ ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት በቀዳም ሥዑር ጎረቤት ለጎረቤት ስትዞር ትታያለች። እርስዋም ብትሆን «ዶሮ የሚባርክልኝ ማን ነው? በስንት ሰዓት?» የሚለውን በኒቆዲሞስ ጽፋ፣ ጎረቤቷን በሆሳዕና ብታነጋግር ከዚያ እንግልት ትድናለች።

በቤቱ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ካለችም ስሟ በሥራው ዓምድ ብቻ መታየት የለበትም። እርስዋም ጾመኛ ናት፤ ስግደትም ወላጅ መጠየቅም ይገባታል። ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበት ሰዓትና ለበዓል ወደ ቤተሰቧ የምትሄድ ከሆነ የመሄጃዋ ቀን በዚያው ወረቀት ላይ ቢሰፍር የመጨረሻው ሰዓት ቅሬታ አይፈጠርም።

ዝርዝርን ማብዛትም ጉዳት አለው። ሠላሳ ሥራ የተጻፈበትን ወረቀት ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው ዞር ብሎም አያየው። ትልቁ ወረቀት በግድግዳው ላይ ይኑር፤ ለየማታው ግን ሦስት ሥራ ብቻ መርጦ ማውጣት ይበቃል። ሦስቱ ካለቁ ቀሪው ሰዓት ለልጆች ጥናትና ለዕረፍት ነው። ጊዜ ሲጠብ ከዝርዝሩ የሚሰረዝ ነገርም አስቀድሞ ምልክት ሊደረግበት ይገባል። ድፎ ዳቦ ከጎረቤት ጋር ተካፍሎ መጋገር ይቻላል፤ ጠጅ ባይኖርም በዓሉ በዓል ነው።

በቀዳም ሥዑር ወጥ የምትሠራ እናት አንድ ልዩ ችግር አለባት። ጾመኛ በመሆኗ ጨውና ቅመሙን ቀምሳ መለካት አትችልም። ዐሥራ ሁለቱን ብልት አውጥታ፣ እንቁላሉን ቀቅላ፣ ቅቤውን የምትጨምረው በግምት ነው፤ ውጤቱን የምታውቀው ከቅዳሴ መልስ ሌሊት ነው። ስለዚህ ከበዓሉ በኋላ ያ ወረቀት አይጣልም። በሳምንቱ፣ በዳግም ትንሣኤ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደተረፈ፣ በርበሬው ለስንት ዶሮ እንደበቃ፣ ጨው አንሶ ወይም በዝቶ እንደሆነ በየሥራው አጠገብ ይመዘግባል። ወረቀቱም ከልጆች የልደት የምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ ተቀምጦ፣ በሚቀጥለው ዓመት ነነዌ ሰኞ ይወጣል።