ከብቱ በረት ውስጥ ስንት ቀን ይቆያል? የሽያጭ ፍጥነት አለካክ

ኢንተርኔት ላይ ዕቃ የሚሸጥ ነጋዴ የገዛው ዕቃ መጋዘን ውስጥ ስንት ቀን እንደሚቆይ ይቆጥራል። በመተማ ዮሐንስና በገላባት በኩል ወደ ገዳሪፍ የቁም እንስሳት የሚያሻግር ነጋዴም የሰንጋውን ፎቶና ቪዲዮ በዋትስአፕ ልኮ ሲሸጥ ይኸው ቁጥር ያስፈልገዋል። ልዩነቱ ጨርቅ ወይም ጫማ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ አይበላም፤ ከብት ግን ይበላል፣ ይጠጣል፣ ጠባቂ ይፈልጋል፣ ከቆየም ይከሳል። ስለዚህ ትርፍን በራስ ብቻ ማስላት አይበቃም፤ ቀኑም መቆጠር አለበት።

የስሌቱ አሠራር

አንድ ነጋዴ 20 ሰንጋ ገዛ እንበል። በ4ኛው ቀን 8፣ በ7ኛው ቀን 7፣ በ15ኛው ቀን ቀሪዎቹ 5 ተሸጡ። የተሸጡትን ቁጥር በቆዩበት ቀን ማባዛት ነው፦

- 8 በ4 = 32
- 7 በ7 = 49
- 5 በ15 = 75

ድምሩ 156 ነው። ለ20 ሲካፈል አንድ ሰንጋ በአማካይ 7.8 ቀን ቆይቷል ማለት ነው።

ይሁንና አማካዩ ብቻውን ያታልላል። የመጨረሻዎቹ አምስቱ ከመንጋው ሩብ ብቻ ቢሆኑም፣ ከ156ቱ ውስጥ 75ቱን፣ ማለትም ግማሽ የሚጠጋውን ወጪ ወስደዋል። ለመኖ፣ ለውኃ፣ ለጠባቂና ለበረት ኪራይ በቀን በራስ 250 ብር ይወጣል ቢባል፣ አምስቱን ከ7ኛው እስከ 15ኛው ቀን ማቆየት 10,000 ብር ያስወጣል። በራስ 2,000 ብር ነው። ስለዚህ ነጋዴው በ7ኛው ቀን ከጠየቀው ዋጋ ላይ በራስ እስከ 2,000 ብር ቀንሶ ቢሸጥ አይከስርም፤ ክሳቱ ሲታሰብማ ያተርፋል። «ዋጋው ይሻሻላል» ብሎ መጠበቅ የሚያዋጣው ጭማሪው ከዚህ ሲበልጥ ብቻ ነው።

የቀን ወጪው ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። ከመኸር በኋላ የማሽላ አገዳ ሲገኝ ይቀላል፤ በክረምት የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ጭቃ ሲሆንና መኪና ሲዘገይ ይከብዳል። ስሌቱ በየወቅቱ መታደስ አለበት።

ሽያጭ የሚባለው መቼ ነው?

ፎቶውን አይቶ «ስንት ነው?» ያለ ሁሉ ገዥ አይደለም። ቀብድም ቢሆን ሙሉ ሽያጭ አይደለም። ሦስት ቀኖችን ለየብቻ መጻፍ ይጠቅማል፦ ዋጋ የተቆረጠበት፣ ከብቱ ርክክብ የተደረገበት፣ ገንዘቡ እጅ የገባበት።

ዋጋ በ3 ቀን ተቆርጦ ገንዘቡ በ25 ቀን ከገባ ችግሩ ገበያው ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። በሱዳን ጦርነት ከተጀመረበት ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ የሱዳን ፓውንድ አቅም በእጅጉ ወርዷል። በፓውንድ ተዋውሎ ዘግይቶ የሚቀበል ነጋዴ በወረቀት ያተረፈውን በምንዛሬ ሊያጣው ይችላል።

ድንበር የተዘጋባቸው ቀናትም ለብቻ ይመዝገቡ። በነሐሴ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በመተማ በኩል በተፈጠረው ግጭት የገላባት መተላለፊያ ተዘግቶ ነበር። እንዲህ ያለው ቀን በወጪ ይቆጠራል፤ «ይህ ዓይነት ከብት አይሸጥም» ለማለት ግን ማስረጃ አይሆንም።

ትንሽ ትርፍ፣ ፈጣን ዙር

ከወጪ ቀሪ በራስ 6,000 ብር በ30 ቀን የሚያተርፍና 4,500 ብር በ15 ቀን የሚያተርፍ ሁለት ነጋዴዎች ቢኖሩ፣ ሁለተኛው በወር ሁለት ጊዜ ሲዞር 9,000 ብር ያገኛል። ይህ የሚሠራው ግን የሚገዛ ከብት ካለና መንገዱ ክፍት ከሆነ ነው።

ለዚህ ሁሉ አንድ ደብተር ይበቃል፦ የከብቱ ዓይነት፣ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ ሦስቱ የሽያጭ ቀኖች፣ የቀን ወጪ። ሰንጋ፣ ወይፈን፣ በግና ፍየል በየገጻቸው ይጻፉ፤ ፍጥነታቸው ስለሚለያይ ተደባልቀው ሲሰሉ የትኛው እንደሚያከስር አይታይም። ሦስት አራት ዙር ከተመዘገበ በኋላ ነጋዴው ቀጥሎ ምን እንደሚገዛና በስንተኛው ቀን ዋጋ መቀነስ እንዳለበት ከራሱ ደብተር ያገኘዋል።