ብቃት እያለው በበሽታ ምክንያት የሚቀር ፈረስ

በረጅም ርቀት የጽናት ግልቢያ አንድ ፈረስ በአንድ ቀን እስከ 160 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ከባሕር ዳር ተነስቶ እንጅባራን አልፎ ቡሬ አካባቢ እንደ መድረስ ነው። በየምዕራፉ ፈረሱ ይቆምና በእንስሳት ሐኪም ይመረመራል። የልብ ምቱ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ በደቂቃ ወደ 64 ካልወረደ ወይም ካነከሰ፣ ከፊት እየመራ ቢሆን እንኳ ከውድድሩ ይሰናበታል።

እ.ኤ.አ በ1921 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በዚህ ውድድር ማንም ባለፈረስ በፈለገው ጊዜ እንዲመዘገብ አይፈቅድም። ፈረሱም ጋላቢውም ከ40 ኪሎ ሜትር በሚጀምሩ ጉዞዎች ተፈትነው፣ ወደ 80 ኪሎ ሜትር አድገው፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ 100፣ 120 እና 160 ኪሎ ሜትር የሚሸጋገሩት። በእነዚህ የማጣሪያ ጉዞዎች ለማለፍ ማሸነፍ አያስፈልግም፤ የሚጠየቀው ፈረሱ ጤናውን እንደጠበቀ መጨረሱ ነው። ገና ያልጠነከረ ወይፈን ቀኑን ሙሉ ቀንበር ላይ እንደማይውል ለሚያውቅ አርሶ አደር ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ህጉ የጠበቀው ያለ ምክንያት አልነበረም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሜዳማ በረሃ የአሸናፊዎች አማካይ ፍጥነት በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ ሲደርስ የፈረሶች ስብራትና ሞት ተደጋገመ። እ.ኤ.አ በ2015 የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ፌዴሬሽን ለወራት ታገደ፤ በቀጣዩ ዓመት ዱባይ ልታስተናግደው የነበረው የዓለም ሻምፒዮናም ወደ ስሎቫኪያ ተዛወረ። በጥር 2020 ደግሞ በስዊዘርላንድ ሎዛን የተሰበሰቡት አባል አገራት ይበልጥ ጥብቅ የሆነ ደንብ አጸደቁ።

ሆኖም በወረቀት ላይ ለሁሉም እኩል የሆነው ህግ በተግባር ለሁሉም እኩል አይከብድም። ለሻምፒዮና ጋላቢውና ፈረሱ አብረው ማጣሪያውን ማለፍ ይጠበቅባቸዋል። ለአውሮፓዊ ይህ ቀላል ነው፤ ፈረሱን በተሽከርካሪ ጭኖ ጎረቤት አገር ሄዶ ይመለሳል። ደቡብ አፍሪካዊው ግን ጠንካራ ጋላቢና ጠንካራ ፈረስ እያለው ፈረሱን ይዞ መውጣት ይቸግረዋል። ምክንያቱ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ በ2011 በሽታው በኬፕ አካባቢ ሲነሳ የአውሮፓ ኅብረት ቀጥታ መላክን ከለከለ፤ ክልከላውም ከአስር ዓመት በላይ ዘለቀ። በዚያ ወቅት ወደ አውሮፓ የሚሄድ ፈረስ በሞሪሸስ በኩል ዞሮ ወራት የሚፈጅ ለይቶ ማቆያ ውስጥ መክረም ነበረበት። አማራጩ ውጭ አገር ፈረስ መከራየት ወይም መዋስ ነው። ያም ቢሆን ከማያውቁት ፈረስ ጋር እንደገና ማጣሪያ መግባትን፣ ለዚያም ደጋግሞ መብረርን ይጠይቃል። እዚህ ላይ የሚፈተነው ብቃት ሳይሆን ኪስ ነው።

መስፈርቱን ዝቅ ማድረግ ግን መፍትሄ አይሆንም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ፈረሱ ነውና። የሚሻለው በሽታ ባለባቸው አገሮች በገለልተኛ ሐኪሞች የሚመሩ የማጣሪያ ውድድሮችን ማብዛት፣ በተውሶ ፈረስ ለሚወዳደሩም መንገዱን ማሳጠር ነው። የቀረው ሥራ የእንስሳት ጤና ሥራ ነው።

ይህኛው ክፍል ኢትዮጵያንም ይመለከታል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ በአገራችን አለ። የሚያስተላልፉት ደም የሚመጡ ጥቃቅን ትንኞች ሲሆኑ የሚበዙትም በክረምትና በክረምቱ መውጫ፣ በተለይ ከምሽት እስከ ንጋት ነው። የተያዘ ፈረስ ኃይለኛ ትኩሳት ይኖረዋል፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ያብጣል፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ከአፍንጫውም አረፋ ይወጣል። አህያ በአንጻሩ ይቋቋመዋል። መድኃኒት የለውም። ክትባቱን ግን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። ክትባቱ ትንኙ ከመብዛቱ በፊት ካልተሰጠ ጥቅሙ ይቀንሳል፤ በየወረዳው ያለው የክትባት መርሐ ግብር ግን ቅድሚያ የሚሰጠው ለቀንድ ከብት ነው።

ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ በ1997 ነፃ ቀጠና ያስከበረችው በተለየ ጥበብ አይደለም። በቀጠናው ያለ ፈረስ መለያ አለው፤ ያለ ፈቃድ አይገባም፤ የታመመ ወይም የሞተ ፈረስ ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል። በእኛ ቀበሌዎች ፈረስ ሲሞት ብዙ ጊዜ ተጎትቶ ከመጣል በቀር የሚመዘግበው የለም፤ ስለዚህ ወረርሽኙ የሚታወቀው ከተስፋፋ በኋላ ነው።

በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በአዊ ሲሰባሰብ በሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሶች አንድ ሜዳ ላይ ይገኛሉ። ለጉግስና ለሽምጥ የመጣው ፈረስ በዚያው ዕለት ዕድሜው፣ መልኩና የክትባት ታሪኩ ቢመዘገብ፣ ለየወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ የሚቀጥለው ክትባት ከክረምት በፊት ለየትኛው ቀበሌ፣ ለስንት ፈረስ እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ዝርዝር በእጁ ይገባል።