በቡላኦስ የኮመጠጠ ወተት ለኬክ ስለሚሰጠው ጥቅም

በጅቡቲ ከተማ በቡላኦስ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ብዙ ጊዜ 40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፥ ማቀዝቀዣ በሌለው ቤት ጧት የገባ ጥሬ የላም ወተት እስከ ማታ ይኮመጥጣል። ይህን ወተት መድፋት ግን ኪሳራ ነው፤ ለኬክና ለጣፋጭ ዳቦ በትኩስ ወተት ፈንታ ይሆናልና።

ወተቱን የሚያኮመጥጡት ረቂቅ ተሕዋስያን የወተቱን ስኳር ወደ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱ ከቤኪንግ ሶዳ ጋር ሲገናኝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለው አየር ይወጣና ሊጡ ያለ እርሾ ኩፍ ይላል። ለአንድ ኩባያ የኮመጠጠ ወተት ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ይበቃል፤ ቢበዛ የሳሙና ጣዕም ያመጣል። ሊጡም እንደ ተቦካ ወዲያው ይጋገር፤ ያመለጠ አየር አይመለስም።

ሶማሎች አኮምጥጠው «ሱሳዕ» የሚሉት የግመል ወተት እንደ ላም እርጎ ስለማይጠና፥ ዱቄት ጥቂት ይጨመርበታል።

የከረፋ፥ የመረረ ወይም የሻገተ ወተት ግን ይደፋ፤ መርዙን ሁሉ እሳት አያጠፋውም። በፋብሪካ ተፈልቶ የታሸገውም ሲቆይ ይበላሻል እንጂ ደኅና እርጎ አይሆንም። የታሸገ ወተት ብቻ ያላት ባለሙያ፥ ሳይበላሽ በአንድ ኩባያው ላይ አንድ የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ጨምራ ዐሥር ደቂቃ ታቆየዋለች።