የታጠፈ ካርድ ይቃናል?

በአሜሪካ የሚያድጉ የልጅ ልጆች ያሏችሁ አያቶች የፖኪሞን ካርድን ሳታውቁት አትቀሩም። እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ የወጣውን ይህን ካርድ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ይሰበስቡታል፣ ይለዋወጡታል። አንዳንዱ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ስለሚሸጥ ትንሽ መታጠፉ ልጁን ቢያስለቅሰው አይገርምም።

ሜሪላንድ የሚኖረው የልጅ ልጄ ዘንድሮ ክረምት ሲመጣ አንዱ ካርዱ ሻንጣ ውስጥ ጎብጦ፣ መሐሉ ሰርጉዶ፣ ጥጉም ታጥፎ ደረሰ። "አባባ፣ በካውያ እንተኩሰው?" አለኝ። ዕድሜዬን መጽሐፍ ስጠርዝ ስለኖርኩ የወረቀትን ጠባይ አውቃለሁና ከለከልኩት።

ካርዱ አንድ ወረቀት ቢመስልም የተጣበቁ ንብርብሮች አሉት፤ ላዩም በስስ ልባስ ተሸፍኗል። ስለዚህ መጀመሪያ ጉዳቱን መለየት ያስፈልጋል። ካርድ ብዙ ጊዜ የሚጎብጠው በእርጥበት ነው፤ ወረቀቱ እርጥበት ስቦ ሲያብጥ የሚያብረቀርቀው ወገን አብሮት አያብጥም። የሰረጎደ ቦታ በግፊት የተጨፈለቀ ወረቀት ነው። እነዚህ ሁለቱ ሊሻሻሉ ይችላሉ። እጥፋት ግን የወረቀቱን ቃጫና ልባሱን ስለሚሰብር ነጭ መስመር ከታየ አይጠፋም።

ካርዱን በንጹህ ነጭ ወረቀቶች መሐል አድርገን፣ ወፍራም መጽሐፍ ጭነን አንድ ሳምንት ተውነው። ጉብጠቱ ለቀቀ፣ ስርጉዱም ቀለል አለ። ካውያ ልባሱን ያበላሻል፤ ውሃ ንብርብሩን ይለያያል፤ ፕላስተር ሲነሳ ቀለም ይዞ ይነሳል። ምንም ነገር ከመሞከራችሁ በፊት በማይፈለግ ካርድ ላይ ሞክሩት።

የጥጉ ነጭ መስመር ግን ቀረ። ልጁ በማርከር ሊሸፍነውና ሲመለስ ለክፍል ጓደኛው ሊለውጠው አሰበ። ያኔ የአንድ ካርድ ታሪክ ነገርኩት። የቤዝቦል ተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ምስል ያለበት፣ ከ100 ዓመት በፊት ከሲጋራ ጋር ይታደል የነበረ ካርድ እ.ኤ.አ. በ2007 በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 ቢል ማስትሮ የተባለው አጫራች በማጭበርበር ወንጀል ጥፋተኛነቱን ሲያምን የዚያን ካርድ ጠርዝ መከርከሙንም አመነ፤ በኋላም 20 ወር እስራት ተፈረደበት። ካርድ መርምረው ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡ ድርጅቶችም ቀለም የተቀባ ወይም የተከረከመ ካርድ ከደረሱበት ነጥብ ይነፍጉታል።

"እውነቱን ከነገርኩት እኮ ጥሩ ካርድ አይሰጠኝም" አለኝ።

"ያነሰ ቢሰጥህም ጓደኛህ ይቀርልሃል" አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ ማርከሩን ግን ከደነው።

ለእናንተም ምክሬ ይኸው ነው፦ ካርዶቹን ለየብቻ በስስ ፕላስቲክ ከረጢት፣ ከዚያም በጠንካራ ሳጥን አስቀምጡላቸው። ጠርዛቸውን ስለሚበላ በላስቲክ አትሰሯቸው። ከወጥ ቤት እንፋሎትና ከመስኮት ፀሐይም አርቋቸው።