ማየት ለተሳናቸው አንባብያን መጽሐፍ በሕግና በአግባቡ እንዴት ይድረስ?

እንደሚታወቀው በእኛ ዲፓርትመንት ያለ መጽሐፍ የሚያልፍ ኮርስ የለም። መምህሩ አንድ ልብ ወለድ አንብባችሁ ኑ ሲል ዓይናማው ተማሪ ከቤተ መጻሕፍት ይዋሳል፣ ዓይነ ስውሩ ግን በመጀመሪያ አንባቢ ሰው መፈለግ አለበት። አንባቢ ካልተገኘ ፈተናው አይጠብቀውም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ክፍተት ለመሙላት ሕጉ ምን እንደሚፈቅድ፣ የደራሲው መብትስ እንዴት እንደሚጠበቅ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

“ዓይነ ስውር ድሮስ በጆሮው አይደል የሚማረው?” የሚል አይጠፋም። እርግጥ ነው፣ በአብነት ትምህርት ቤቶች ቅኔውንም ዜማውንም በቃል አጥንተው ለመምህርነት የበቁ ዓይነ ስውራን ሊቃውንት አሉ። ወጋየሁ ንጋቱ “ፍቅር እስከ መቃብር”ን በሬዲዮ ሲተርክም ዓይናማውና ዓይነ ስውሩ እኩል ሰምተዋል። ነገር ግን ተማሪ ወደ ኋላ ተመልሶ አንድ አንቀጽ መፈተሽ፣ ከምዕራፍ ምዕራፍ መዝለል፣ የቃሉን አጻጻፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ይህ ደግሞ እንደ ልብ የሚገላበጥ ቅጂ ይጠይቃል።

ምን ዓይነት ቅጂ?

በዋናነት 3 ዓይነት ነው፦ ብሬል፣ የድምፅ ቅጂና የኤሌክትሮኒክስ ጽሑፍ። ብሬል በ6 ነጥቦች ላይ የተመሠረተ ሲሆን በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ስለሚጻፉ አንዱ መጽሐፍ ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል። የኤሌክትሮኒክስ ጽሑፍን እንደ ኤንቪዲኤ ያለ በነፃ የሚገኝ የስክሪን አንባቢ ፕሮግራም ጮክ ብሎ ያነበዋል። ልብ በሉ! በስልክ ፎቶ የተነሣ ገጽ ለፕሮግራሙ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ አይደለም። በቆዩት ዩኒኮድ ባልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተተየበ ሀንድአውትም ለዓይን “ሀ ሁ” ቢመስል ከውስጥ የላቲን ፊደል ስለሆነ ሲነበብ ትርጉም የሌለው ድምፅ ይሆናል።

ታዲያ ሕጉ ምን ይላል?

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራውን የማባዛት መብት የደራሲው ነው። ይህም ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። መጽሐፍን ወደ ብሬል መገልበጥም ሆነ በድምፅ መቅዳት ማባዛት ነው። ስለዚህ ለየመጽሐፉ ፈቃድ መጠየቅ ሊያስፈልግ ነው ማለት ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አልነበረም፤ የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት ለዓይነ ስውራን የተለየ ፈቃድ በሕጋቸው ያስገቡት አገሮች 60 አይሞሉም ነበር።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ2013 በሞሮኮ የተፈረመው የማራካሽ ስምምነት ነው። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2020 አጽድቃዋለች። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 9 መሠረት ደግሞ የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ተጠቃሚዎቹ ዓይነ ስውራን ብቻ ሳይሆኑ የማንበብ እክል ያለባቸውና በአካል ጉዳት ምክንያት መጽሐፍ ይዘው መግለጥ የማይችሉም ናቸው።

ዋና ዋና ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው፦

1. ለትርፍ ያልቆመ የትምህርት ወይም መሰል ተቋም ያለ ደራሲው ፈቃድ ተደራሽ ቅጂ ማዘጋጀት እንዲችል አገሮች በሕግ ይፈቅዳሉ። መጽሐፉ ግን በሕጋዊ መንገድ የተገኘ፣ ይዘቱ ያልተለወጠ፣ የሚሰጠውም ለተጠቃሚዎቹ ብቻ መሆን አለበት።

2. ተጠቃሚው ራሱ ወይም እሱን የሚረዳው ሰው በሕጋዊ መንገድ ካገኘው መጽሐፍ ለግል አገልግሎቱ ቅጂ ማዘጋጀት ይችላል።

3. በአንድ አባል አገር የተዘጋጀ ቅጂ ወደ ሌላው መሻገር ይችላል። አንዱን መጽሐፍ ሁሉም እንደ አዲስ መድከም አይጠበቅባቸውም።

ለደራሲው ክፍያ ይኑር አይኑር የሚለውን ስምምነቱ ለየአገሩ ሕግ ትቶታል።

እዚህ ላይ የደራሲውን ጥያቄ ማለፍ አይገባም። ለአንድ ጓደኛችን የተቀዳ መጽሐፍ በቴሌግራም ተለቆ ዓይናማው ሁሉ በነፃ ቢያዳምጠው ደራሲው ከድካሙ ምን አተረፈ? እንዲህ ያለው ነገር ሲደጋገም ደራሲና አሳታሚ የኤሌክትሮኒክስ ቅጂ ለመስጠት እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ ቀድሞ የሚጎዳውም ዓይነ ስውሩ አንባቢ ነው። ፈቃዱ ለእሱ ከተሰጠ እሱ ዘንድ ይቆይ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ከቀላሉ እንጀምር። ሀንድአውት የመምህሩ የራሱ ሥራ ከሆነ ባለቤቱ እሱ ስለሆነ ፋይሉን በዩኒኮድ ለተማሪው ቢሰጥ የሕግ ጥያቄ አይነሣም። ቀጥሎ የመብት ዘመናቸው ያለፈ ሥራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1908 የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ “ልብ ወለድ ታሪክ” እና እ.ኤ.አ. በ1938 ያረፉት የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጻሕፍት በዚህ ይመደባሉ፤ እነዚህን ማንም መተየብም መቅዳትም ይችላል። ሐዲስ ዓለማየሁ ግን ያረፉት እ.ኤ.አ. በ2003 ስለሆነ ሥራዎቻቸው ገና በጥበቃ ሥር ናቸው፤ ለእነሱ በስምምነቱ መንገድ መሄድ ግድ ነው።

በየዓመቱ ለየተማሪው እንደ አዲስ ከማንበብ ይልቅ አንድ ጊዜ በጥራት የተነበበው በቤተ መጻሕፍት ተመዝግቦ ቢቀመጥ ለሚቀጥለው ባች ይተርፋል። በሴሚስተር አንዳንድ ምዕራፍ ብንተይብ ወይም ብናነብ እኮ ብዙ መጽሐፍ ይሞላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባል የለ!